ብር ጌጥ፣ ኔግሮኒ እና ሽክ ማለት በጎንደር፦ የምታውቁትን አምጡ

ባለቡቲኳ

ሰላም ለቤቱ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ቡቲክ አለችኝ። በእጅ የተሠራ የብር ጌጥ እሸጣለሁ፤ ከጎኑ ጥቂት ቀሚስና የቤት ማሳመሪያ። ማታ ሱቁ ሲዘጋ ጓደኞቼ ቤት ጎራ ይላሉ፣ ኮክቴል እሠራላቸዋለሁ። ጌጡንና ኮክቴሉን አንድ ላይ ያመጣሁት ሁለቱም በአንድ በሽታ ስለሚበላሹ ነው። በግምት።

ብሩ ምን ያህል ንጹሕ እንደሆነ ሳይጠይቅ የሚገዛ ሰው፣ ጂኑንም በዓይኑ እየለካ ይገለብጣል። ጌጡ አንገቱን ሲያሳክከው «ብር አይስማማኝም» ይላል። መጠጡ ሲመረው «ድሮም የፈረንጅ ነገር» ይላል። ብሩም ኮክቴሉም ምንም አላጠፉም።

ሌላው የሚያናድደኝ ቆልፎ ማስቀመጥ ነው። የእናቷን ድሪ በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ከትታ፣ ለሰርግ ከመንገድ ዳር የተገዛ ሀብል የምታደርግ ሰው አውቃለሁ። ጥሩ ብርጭቆ ቡፌ ውስጥ ደርድሮ ለእንግዳ በላስቲክ ኩባያ የሚቀዳም ሞልቷል። ሽክ ማለት ለእኔ ያለህን አውጥተህ መጠቀም ነው። ጥቂት ይሁን፣ ግን ምን እንደሆነ የምታውቀው ይሁን።

እስቲ ስለ ብር፣ ስለ ድንጋይ፣ ስለ አለባበስ፣ እዚህ ገበያ ላይ በሚገኝ ነገር ስለሚሠራ መጠጥ የምታውቁትን አምጡ።

አዘዞ_ነኝ

እህቴ፣ እኔን ግራ የሚያጋባኝ አንድ ነገር ነው። ለቱሪስት የሚሸጠው መስቀልም ነጭ ነው፣ የአያቴም መስቀል ነጭ ነው። ሁለቱም «ብር ነው» ይባላል። በምን ልለያቸው? ማግኔት አስጠግቼ ነበር፣ አንዱም አልተሳበም።

የአንጥረኛ_ልጅ

ማግኔት አይረዳህም። ብር በማግኔት አይሳብም፣ መዳብም አይሳብም፣ ነሐስም አይሳብም። ማግኔት የሚያጋልጠው ብረት ላይ የተለበጠውን ብቻ ነው።

እኔ ወናፍ እየነፋሁ ነው ያደግሁት፣ ስለዚህ ትንሽ ላርዝም። የድሮው ብር ከየት መጣ? ከማርትሬዛ፣ ጠገራ ብር ከምንለው። አንዷ ጠገራ 28 ግራም ከትንሽ ትመዝናለች። ከሺህ 833 እጇ ንጹሕ ብር ነው፣ የቀረው መዳብ። አያቶቻችን ጠገራቸውን ለአንጥረኛ ይሰጡና መስቀል፣ አምባር፣ አልቦ ያሠሩ ነበር። ስለዚህ የቆየ ጌጥ ብዙውን ጊዜ ወደዚያው ይጠጋል። ዛሬ ዓለም ላይ ስተርሊንግ የሚባለው 925 ነው።

ጠገራ ላይ 1780 የሚል ስታይ ግን አትደንግጥ። ሳንቲሙ ላይ ያለችው የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ከእሷ ሞት በኋላ የታተመው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። ቪየና ዛሬም ታትመዋለች። «የ240 ዓመት ሳንቲም» ብሎ የሚሸጥልህ ሰው ወይ አያውቅም ወይ በደንብ ያውቃል።

አሁን ገበያውን የሞላው የጀርመን ብር የሚባለው ነው። መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ። ብር አንድ ቅንጣት የለበትም። አንገት የሚያሳክከውም ብዙ ጊዜ ኒኬሉ ነው።

መለያው ይኸውልህ። ነጥብ አንድ ግራም የሚያነብ ዲጂታል ሚዛን ፈልግ። መጀመሪያ ጌጡን መዝነው፤ 30 ግራም ነው እንበል። ከዚያ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጥና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሰው። ጌጡን በክር አንጠልጥለህ ውሃው ውስጥ አጥልቀው። ታቹንም ጎኑንም እንዳይነካ። ሚዛኑ 2.9 ካለህ 30ን ለ2.9 አካፍል፣ 10.3 ይመጣል። ብር ነው። 3.5 ካለህ 8.6 ገደማ ይመጣል። ይኼ የጀርመን ብር ወይም ነሐስ ነው። ንጹሕ ብር 10.5 ነው፤ ቁጥሩ ዕቃው በመጠን ከሚያክለው ውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ነው የሚነግርህ። ውስጡ ክፍት በሆነ ወይም ድንጋይ ባለበት ጌጥ ላይ ግን አትሞክረው፣ ያሳስትሃል።

አዘዞ_ነኝ

ይኼን ሁሉ ዘመን ጥርሴን እየነከስኩበት ስፈትን ነበር እኮ። ሚዛን ልዋስ ሄድኩ።

ዲሲ_ያለችው

ሰላም ጎንደሮች። ለጥምቀት እመጣለሁ። አያቴ የተወችልኝ የብር መስቀል ቤተሰብ ጋር አለ፣ ጠቁሯል። ዩቲዩብ ላይ በፎይልና በቤኪንግ ሶዳ ሲያነጡት አየሁ። ላድርገው? ደግሞስ ይዤው መውጣት እችላለሁ?

ባለቡቲኳ

ቆይ እናቴ፣ እጅሽን ሰብስቢ!

ብርን የሚያጠቁረው አየር ውስጥ ያለ የድኝ ውህድ ነው። ፎይሉ፣ ሶዳውና ሙቅ ውሃው አንድ ላይ ድኙን ከብሩ ላይ ያነሱታል። ይሠራል፣ አልዋሽሽም። ችግሩ ምንም ሳይመርጥ ማንሳቱ ነው። የመስቀሉን ሐረግ የሚያሳይሽ ቅርጹ ውስጥ የተኛው ጥቁር ነው። እሱ ሲጠፋ መስቀሉ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። ለስላሳ ጥጥ ጨርቅ ይዘሽ ከፍ ከፍ ያለውን ብቻ ወልውይው። ብር ሁልጊዜ ከተደረገ ደግሞ እንደዚያ አይጠቁርም፤ ቆዳና ልብስ ይወለውሉታል። ስለዚህ ነው አትቆልፉ የምለው።

ስለ መውጣቱ፦ የቅርስ አዋጅ 209/1992 አለ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። የቆየ መስቀል ሻንጣ ውስጥ ሲገኝ ኤርፖርት ላይ ጣጣ ያመጣል። ስለዚህ በረራሽ ሳይደርስ ለቅርስ ባለሥልጣን አሳዪና ማረጋገጫ ያዢ። አዲስ የተሠራ ብትገዢም ደረሰኝ አይለይሽ።

ጠላ_ይሻለኛል

ብሩስ ይሁን። ኮክቴሉ ግን ጎንደር ላይ ምን ያደርግልናል? ኮረፌ አለ፣ ጠላ አለ፣ ጠጅ አለ፣ ለደፋር ደግሞ ዳግም አረቄ አለ። ኔግሮኒ የሚባለውስ ምንድነው? የመኪና ስም ነው?

ባርማን_ፈረቃ

ወንድሜ፣ ኔግሮኒ ሦስት ነገር ነው። ጂን፣ ካምፓሪ (መራራ ቀይ የጣልያን መጠጥ)፣ ጣፋጭ ቀይ ቬርሙት። እኩል እኩል፣ 30 ሚሊ ሊትር። በረዶ ላይ አማስለህ የብርቱካን ልጣጭ ትጨምርበታለህ። አለቀ። እንደሚተረከው በ1919 እ.ኤ.አ. ፍሎረንስ ውስጥ አንድ ካውንት ኔግሮኒ የሚባል ሰው አሜሪካኖ (ቡናውን ሳይሆን ካምፓሪ፣ ቬርሙትና ሶዳ ያለበትን መጠጥ) አዝዞ፣ «ሶዳውን ተዉትና ጂን አድርጉበት» አለ። ከዚያ ወዲህ ዓለም ያዛል።

ጣልያን ፒያሳችንን ሠርቶ ሄደ። ማኪያቶውን ተወልን። ካምፓሪውን ግን በ1941 እ.ኤ.አ. እጁን ሲሰጥ ይዞት የሄደ ይመስለኛል፣ እዚህ እሱን ማግኘት መከራ ነው።

አንድ ሕግ ያዙ። ጭማቂ ያለበትን ናጡት፣ ጭማቂ የሌለበትን አማስሉት። ኔግሮኒ፣ ማርቲኒ፣ ኦልድ ፋሽንድ ይማሰላሉ። ዳይኩሪ ሮም፣ ሎሚና ስኳር ስለሆነ ይናጣል። በረዶው ትልልቅ ይሁን፤ ደቃቁ ቶሎ ቀልጦ መጠጡን ውሃ ያደርገዋል። መብራት ጠፍቶ በረዷችሁ ግማሹ ከቀለጠ ያን ቀን ቢራ ጠጡ። ዳሽን ደጃችሁ ነው።

የተከፈተ ቬርሙት ፍሪጅ ይገባል። ወይን ነው፣ ይበላሻል። አቧራ ለብሶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ቬርሙት ቀድተውላችሁ «ኔግሮኒ አይጥመኝም» ያላችሁ ብዙ ናችሁ።

ባለቡቲኳ

ባርማን፣ ዕድሜ ይስጥህ። እኔ ደግሞ «የት ይገኛል» ለሚሉት ልመልስ።

መጀመሪያ መለኪያ። የልጆች ሽሮፕ ላይ ተገጥማ የምትመጣዋ ትንሽ ኩባያ ሚሊ ሊትሩ ተጽፎባታል። አጥባችሁ ተጠቀሙባት። የአረቄ መለኪያ ግን ከቤት ቤት ይለያያል፣ አትመኑት።

ቬርሙት በቅጠላ ቅጠልና በቅመም የጣመ ወይን ነው፤ ዋናው ቅጠል የአርቴሚሲያ ወገን ነው። ቡና ስናፈላ የምናውቀው አሪቲም ከዚያው ወገን ነው። እና እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። አንድ የቡና ሲኒ ኮኛክ ውስጥ ትንሽ ቀንበጥ አሪቲ፣ የብርቱካን ልጣጭ ነጩ ሳይገባ፣ ስባሪ ቀረፋ፣ ሁለት የተፈለፈለ ኮረሪማና አንድ ቅርንፉድ አሳድራለሁ። በማግስቱ አጥልዬ ከአንድ ጠርሙስ አክሱማይት ጋር እቀላቅለዋለሁ። አክሱማይት ራሱ ጣፋጭ ስለሆነ ስኳር አልጨምርም። አሪቲው ከበዛ እሬት ነው የሚሆነው፣ ተጠንቀቁ። ነፍሰ ጡር የሆነች ደግሞ አልኮሉንም አሪቲውንም ትተወው።

እኔ ቤት ብዙ የሚጠየቀው ግን ኔግሮኒ አይደለም። ቢስ ኒስ የሚባለው ነው። ጂን 60፣ የሎሚ ጭማቂ 20፣ የማር ሽሮፕ 20 ሚሊ ሊትር። አሜሪካ መጠጥ በከለከለችበት ዘመን የተወለደ ነው ይባላል፤ ማሩ የዚያን ጊዜውን መናኛ ጂን ይሸፍንላቸው ነበር። ሽሮፑ ቀላል ነው። ማሩን ከእኩል ሙቅ ውሃ ጋር በጥብጡ፣ ሰፈፉን አጥልሉ። ከዚያ ሁሉንም በበረዶ ናጡ። አገር ውስጥ በሚመረት ጂንም ያምራል። በስኳር የተበረዘ ማር ከሆነ ግን አትልፉ፣ ጣዕሙ ወዲያው ይናገራል።

ጠላ_ይሻለኛል

ማሩስ ይሁን፣ ጠጅን ያስታውሰኛል። መራራውን የት ጣላችሁት? ጌሾ የሌለበት መጠጥ ለእኔ ሻይ ነው።

ባርማን_ፈረቃ

እንዳውም ገባህ! በ1806 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ ጋዜጣ ኮክቴል ምንድነው ተብሎ ሲጠየቅ የመለሰው እንዲህ ነው፦ ጠንካራ መጠጥ፣ ስኳር፣ ውሃና መራራ ነገር። ኦልድ ፋሽንድ እስከ ዛሬ በዚያው መንገድ ነው የሚሠራው። አንጎስቱራ የሚባለውን መራራ ጠብታ በ1824 እ.ኤ.አ. ቬንዝዌላ ውስጥ አንድ ሐኪም ለሆድ መድኃኒት ብሎ ነው የቀመመው። እዚህ ውድ ነው። የጌሾ እንጨት በጠንካራ መጠጥ ዘፍዝፌ በጠብታ ሞክሬያለሁ፤ ውስኪ ላይ ጥሩ ሄዷል። ከአንጎስቱራ ጋር አንድ ነው አልልህም። ግን መራራ ነው፣ ሽታውም የእኛ ነው።

ጠላ_ይሻለኛል

አሁን ተግባባን። በብርሌ ይቀዳልኝ።

ባርማን_ፈረቃ

በብርሌ አይሆንም። አንገቱ ጠባብ ነው። በረዶው አይገባም፣ ልጣጩ አይገባም፣ አፍንጫህም አይገባም። የኮክቴል ግማሹ ሽታ ነው።

ባለቡቲኳ

ቢስ ኒስ ግን ከተጠለለ በኋላ በረዶ ስለማይፈልግ በብርሌ ያምራል። እኔ አቅርቤዋለሁ፣ ማንም አልከፋውም።

እትዬ_ቁስቋም

ልጆቼ፣ ብርሌ የጠጅ ነው። ተዉት።

ባለቡቲኳ

እሺ እትዬ። (ለእንግዳ ብቻ፣ እርስዎ በሌሉበት።)

ከአዲስ_ዓለም

ሰላም ለሁላችሁ። እኛ የማንጠጣውስ? ሽክ ማለት ያለ አልኮል አይሆንም እንዴ?

ባለቡቲኳ

እንዴት አይሆንም ወንድሜ! ብርዝ አለልህ አይደል። የማር ሽሮፑ 30፣ ሎሚ 20 ሚሊ ሊትር፣ ሁለት ቀጭን የዝንጅብል ቁራጭ፣ ከላይ ቀዝቃዛ አምቦ ውሃ። ናና ካለህ በመዳፍህ መታ አድርገህ ጣልበት። በረዥም ብርጭቆ ይቅረብ፣ እንደ ማንኛውም ኮክቴል ተለክቶ። ማሩ የዕለቱ ይሁን፤ ተበጥብጦ ካደረ መፍላት ይጀምራልና ለአንተ አይሆንም።

ለጾመኞችም ልጨምር። ሳወር የሚባሉት ሎሚ ያለባቸው ኮክቴሎች ላይ አረፋ እንዲያወጣ የእንቁላል ነጭ ይገባል። በእሱ ፈንታ ሽምብራ የተቀቀለበትን ውሃ፣ ወፈር ካለ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨምራችሁ ናጡ። ያው አረፋ ይወጣል። ብርዙ ላይም ይሠራል። የሽምብራ ሽታ ይኖረዋል ብላችሁ አትስጉ፣ ሎሚው ይውጠዋል።

ከአዲስ_ዓለም

ማሻአላህ። ለኢድ ይሞከራል።

ሙሽራዋ_በሚያዝያ

እኔ የመጣሁት ለጌጡ ነው። የጎንደር ቀሚስ ነው የምለብሰው። ወርቅ ልከራይ ወይስ ብር ልግዛ? የእጮኛዬ እናት «ብር የባላገር ነው» አሉኝ፤ ግራ ገባኝ።

ባለቡቲኳ

እንኳን ደስ ያለሽ የኔ እመቤት። እስቲ በቀሚሱ እንጀምር። ደረቱ ላይ የተጠለፈ ትልቅ መስቀል ካለው ሌላ መስቀል አትደርቢበት። ጥልፉ ራሱ ጌጥ ነው፣ አታፎካክሪያቸው። አንገትሽን ባዶ ተዪው። ሹሩባ ከተሠራሽ ጆሮሽ ይወጣል፤ እዚያ ላይ ትልቅ ጉትቻ፣ እጅሽ ላይ አንድ ወፍራም አምባር። በቃ። ጥልፉ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ድሪውን አውጪው፣ ጆሮሽ ላይ ትንሽ ነገር።

በየቦታው አንድ አንድ ጌጥ መሰካት ግን ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፣ እኔ አልወደውም። ፎቶ ላይ ዓይን ማረፊያ ያጣል።

ኪራዩ አብዛኛው ወርቅ ቅብ ነው፣ እሱን አውቀሽ ተከራዪ። ወርቅ የምትገዢ ከሆነ ካራቱን ጠይቂ። 18 ካራት ከመቶ 75 እጁ ወርቅ ነው፣ 21 ካራት 87.5። አማትሽን ደግሞ አትከራከሪያቸው። «እማማ፣ የእርስዎን የሰርግ ጌጥ እስቲ ያሳዩኝ» በያቸው። ሣጥኑ ይከፈታል። ምናልባት ብር ነው የምታገኚው።

ዋጋ_ቀንሱ

እኔ ግን የማይገባኝ ዋጋው ነው። የብር ግራም ዋጋው ይታወቃል። እናንተ ስትሸጡት ለምን እጥፍ ድርብ ይሆናል? አንድ ጉትቻ ስንት ግራም አላት?

የአንጥረኛ_ልጅ

ጥያቄህ ጥሩ ነው። የሽቦ ሥራ አይተህ ታውቃለህ?

ብር የሚቀልጠው በ960 ዲግሪ ገደማ ነው። ይቀልጥና ዘንግ ይሆናል። ዘንጉ ይቀጠቀጣል። ሲቀጠቀጥ ይደርቃል፣ ካልተጠነቀቅህ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ እንደገና በእሳት ይለሰልሳል። ደግሞ ይቀጠቀጣል። ከዚያ እያነሰ በሚሄድ ቀዳዳ እየተጎተተ እንደ ክር ይቀጥናል። ሁለቱ ሽቦ ይገመዳል፣ ይዳመጣል፣ አበባው ይጠመዘዛል፣ በቦራክስ ይበየዳል። ብየዳው ላይ እሳቱ ትንሽ ካለፈ ያ ሁሉ አበባ ቀልጦ አንድ ጠብታ ይሆናል። ግራሙ ያው ነው። ጠብታውን በግራም ዋጋ ልሽጥልህ እችላለሁ።

ሌላም ልናገር። ይህችን ከተማ ያሳመረው እጅ የተናቀ እጅ ነው። በነገሥታቱ ዘመን ቤተ እስራኤሎች ቀጥቃጭም ግንበኛም ነበሩ፤ እስላሙ ሸማኔና ነጋዴ ነበር። ቀን ሥራውን ይወስዱለታል፣ ማታ «ቡዳ ነው» ይሉታል። አብሮት የሚበላ የለም። የቡዳው ነገር ዛሬ ቀንሷል፣ ዋጋ ላይ ግን አልቀነሰም። ለስልክ የተጠየቀውን ሳይከራከር የሚከፍል ሰው አንጥረኛ ፊት ሲቆም ነው ግማሽ የሚቀንሰው።

ዋጋ_ቀንሱ

ኧረ በስመ አብ፣ እኔ ቡዳ አላልኩም። ስለ ሽቦው ግን አላውቅም ነበር። እንዳየው የሥራ ቦታችሁን ታሳየኛለህ?

የአንጥረኛ_ልጅ

ና። አባቴ ሰው ሲያየው ይወዳል። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

አወያይ

የሱቅ ስምና ስልክ ቁጥር እዚህ አትለጥፉ። ክሩ ግን ደስ ይላል፣ ቀጥሉ።

ማራኪ_ካምፓስ

አንድ ጥያቄ አለኝ። የወሎ ኦፓል ያለበት የብር ቀለበት ገዛሁ። ዕቃ ሳጥብበት ድንጋዩ ቀለሙ ጠፍቶ እንደ ጄሊ ሆነ። ተታለልኩ?

ባለቡቲኳ

አልተታለልሽም። ብርጭቆ ቢሆን እንዲህ አይሆንም ነበር። የወሎው፣ ከወገል ጤና የሚመጣው ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ሲጠጣ ብርሃን ያስተላልፋል፣ የሚጫወተው ቀለም ይደበዝዛል። በጥላ፣ በደረቅ ቦታ ተዪው፤ ውሃው ቀስ ብሎ ሲወጣ ቀለሙ ይመለሳል። ፀሐይ ላይ ወይም እሳት ዳር አታድርቂው፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። 

የሚያስፈራው ውሃው አይደለም። ዘይት፣ ሽቶ፣ የዕቃ ሳሙና ከገባበት ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ሽቶ ተቀብተሽ ከጨረስሽ በኋላ ነው ቀለበቱ የሚደረገው። ወጥ ስትሠሪ፣ ሎሚ ስትጨምቂ አውልቂው። ለዲሲዋ እህታችን የተናገርኩት ፎይልና ሶዳም ለእሱ ጭራሽ አይሆንም። ደላንታ ላይ ይህ ኦፓል ከወጣ ገና ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ስለሆነ፣ እናቶቻችን አያያዙን አላስተማሩንም።

ማራኪ_ካምፓስ

ፀጉር ማድረቂያ ልጠቀም ነበር። ተመስገን ጠየቅሁ።

አዘዞ_ነኝ

ሚዛን ተገኘ። የአያቴ መስቀል 38 ግራም፣ ውሃው ላይ 3.7። ከቱሪስት ሱቅ የገዛሁት 41 ግራም፣ ውሃው ላይ 4.8።

የአንጥረኛ_ልጅ

የመጀመሪያው 10.3 ገደማ ነው፣ ብር። ሁለተኛው 8.5፣ ብር አይደለም። ሁለተኛውንም አትጣለው፣ ቅርጹ ካማረ ግድግዳ ላይ ስቀለው። ብር ብሎ ለሸጠህ ሰው ግን ቁጥሩን ይዘህ ሂድ።

ጠላ_ይሻለኛል

ብርዙን በአምቦ ሠራሁት። ሚስቴ ወደደችው፣ ልጆቹ ጨረሱት። ኮረፌን አይተካም። ለእኔ ደግሞ ትንሽ ኮመጠጠኝ።

ባለቡቲኳ

ማን ይተካል አለህ? ሎሚው ስንት ነበር?

ጠላ_ይሻለኛል

ሁለት ሎሚ። በዓይኔ።

ባለቡቲኳ

በዓይንህ! የሽሮፕ ኩባያዋን ፈልግ ብዬህ አልነበር?

ጠላ_ይሻለኛል

ኩባያዋማ አለች። ልጄ አሻንጉሊቷን ታጠጣባታለች። ነገ እዋሳታለሁ።